ባንዲራና ዳገት

(ድሬዳዋ ውስጥ በወጣቶች የውይይት መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ? በዚህ ሙቀት ከቤታችሁ ወጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከሐረር የወረዳችሁም አላችሁ፤ እናንተን ደግሞ በተለይ።

የተሰጠኝ ርዕስ ባንዲራ፣ መልክዓ ምድርና ታማኝነት አገርን እንዴት እንደሚሠሩና እንዴት እንደሚያጋጩ የሚል ነው። ሰፊ ነገር ነው። ስለዚህ ሁላችንም ከምናውቀው ልጀምር። ከደንገጎ፣ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ከሚያወጣው ዳገት።

ደንገጎን ያልወጣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም። መኪናው ጥምዝምዙን ሲይዝ ጆሮ ይደፈናል። ወበቁ ይለቃል። ላይ ሲደረስ ሹራብ የረሳ ሰው ይጸጸታል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች። በሃምሳ ምናምን ኪሎ ሜትር መንገድ ውስጥ አየሩም፣ እህሉም፣ አለባበሱም ይለወጣል። ይህች ከተማ የተወለደችው በዚያ ዳገት ምክንያት ነው።

አፄ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ሲሰጡ፣ ሐዲዱ ሐረርን እንዲነካ ታስቦ ነበር። ሐረር ያኔ የምሥራቁ ትልቅ ገበያ ነበረች። ኤሚር ኑር ያስገነቡት ግንብ ነበራት። የራሷን ገንዘብ ቀርጻ የኖረች ከተማ ናት። ግን ሐዲዱን የአሕመርን ተራሮች ማስወጣት ኩባንያው ሊሸከመው የማይችል ወጪ ሆነ። ሐዲዱ ከተራራው ሥር ቀረ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ፤ የቦታውም መጀመሪያ ስም «አዲስ ሐረር» ተባለ። ነጋዴውም እየወረደ መጣ። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ የመኑ፣ ሕንዱ ሱቅ ከፈተ። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው ቤት ሠራ። ማንም ባንዲራ ተክሎ «እዚህ ከተማ ይሁን» አላለም። ዳገቱ ወሰነ፤ ሰው ተከተለ።

ከዚያ በኋላ ባንዲራዎቹ መጡ። አንድ በአንድ አልዘረዝርም። የባቡር ኩባንያው የፈረንሳይ ነበር። በግንቦት 1928 ዓ.ም. ጣሊያን ገባ። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. በእንግሊዝ ዕዝ ሥር የነበሩ የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ጣሊያንን አስወጡ፤ እንግሊዝም ባቡሩን ለተወሰኑ ዓመታት በእጁ አቆየ። ከዚያ ዘውድ የጫነ አንበሳ ያለበት ባንዲራ ተመለሰ። በደርግ ዘመን ዘውዱ ወረደ። በ1988 ዓ.ም. ሰማያዊ ክብና ኮከብ ገባበት። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ይህ ሁሉ ጣቢያው ላይ ተሰቅሏል፣ ወርዷል። የባቡሩ ሠራተኛ ግን በሁሉም ዘመን ጠዋት ተነስቶ ባቡሩን ማስነሳት ነበረበት።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። ሶማሌ ወንድሞቼና እህቶቼ እዚህ አላችሁ። የምናገረውን በአክብሮት ነው የምናገረው። ካጠፋሁ መጨረሻ ላይ አርሙኝ።

የሶማሊያን ባንዲራ ታውቁታላችሁ። ሰማያዊ መደብ ላይ አንድ ነጭ ኮከብ ነው። የነደፈው መሐመድ አወሌ ሊባን ነው፤ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1954 ነው። የኮከቡ አምስት ጫፎች ሶማሌዎች የሚኖሩባቸውን አምስት ግዛቶች ይወክላሉ። እነሱም የጣሊያን ሶማሌላንድ፣ የእንግሊዝ ሶማሌላንድ፣ ጅቡቲ፣ የሰሜን ኬንያ የድንበር አውራጃና ኦጋዴን ናቸው። እስቲ አስቡት። ባንዲራው ሲጸድቅ ከአምስቱ አንዱም ነፃ አልወጣም ነበር። አገሩ ሳይኖር ካርታው ጨርቅ ላይ ተሳለ። አንዱ ጫፍ ደግሞ እዚህ እኛ አጠገብ አረፈ። የምዕራብ ሶማሊያ ነፃ አውጪ ግንባር የሚጠይቀው መሬትማ ድሬዳዋን አልፎ እስከ አዋሽ ይደርስ ነበር።

ቂሙ ከሰማይ አልወረደም። ይህን መካድ ተገቢ አይደለም። በ1889 ዓ.ም. ምኒልክና እንግሊዞች ወሰን ሲዋዋሉ፣ ሐውድ በሚባለው የግጦሽ መሬት ላይ ግመሉን የሚያሰማራውን አርብቶ አደር የጠየቀው አልነበረም። አርብቶ አደሩ ዝናብ ተከትሎ ይሄዳል፤ ዝናብ ደግሞ ውል አያውቅም። ከጣሊያን በኋላ እንግሊዝ ኦጋዴንን ይዞ ቆየ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኧርነስት ቤቪን እ.ኤ.አ. በ1946 የሶማሌን መሬት በአንድ ሞግዚት ሥር እናድርገው ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ሳይሳካ ቀረ። ኦጋዴን ለኢትዮጵያ ሲመለስ፣ በኋላም ሐውድ ሲከተል፣ ሐርጌሳ ላይ ከፍተኛ ቁጣ ተነሳ። ተስፋ ሰጥቶ መልሶ መንሳት ምን ዓይነት ቁስል እንደሚተው እናንተም ታውቁታላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1964 የአፍሪካ መሪዎች ካይሮ ላይ ተሰብስበው በነፃነት ጊዜ የተወረሰው ወሰን ይከበር አሉ። ሶማሊያ አልተቀበለችም። እኔ በግሌ ያ ውሳኔ ፍትሐዊ ነበር አልልም፤ ወሰኖቹን ያሰመረው ሌላ ነውና። ግን ሌላው ምርጫ እያንዳንዱን ወንዝና እያንዳንዱን ጎሳ በጦር መለካት ነበር። ያንን እኛ እዚህ አይተነዋል።

ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ጅቡቲ ነፃ ወጣች። በሐምሌ የሶማሊያ ጦር ወደ ኦጋዴን ገባ። ግን መደበኛው ጦር ከመግባቱም በፊት አንድ ነገር ሆኖ ነበር። የባቡሩ ድልድዮች ፈነዱ፤ ሐዲዱ ተቆረጠ። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ። ነሐሴ 11 ቀን የሶማሊያ ታንኮች የዚህች ከተማ ደጃፍ ደረሱ። እግረኛው፣ ሚሊሻውና ከዚሁ ከድሬዳዋ የሚነሳው አየር ኃይል መከቱ። ድሬዳዋ ሳትያዝ ቀረች። በመስከረም ጅጅጋ ወደቀች፤ ካራማራም ተያዘ። ካራማራ በቆላው ሜዳና በደጋው መካከል ያለ ማለፊያ ነው። እሱን የያዘ ሐረርን ያሰጋል። ሐረር እስከ ጥር ድረስ ተከበበች።

ከዚያ የታማኝነት ጉዳይ ከላይ ተገለበጠ። የሶማሊያ አስታጣቂ የነበረችው ሶቪየት ኅብረት ፊቷን ወደ አዲስ አበባ አዞረች። ከአሥር ሺህ በላይ የኩባ ወታደሮች መጡ። ማለፊያውን ፊት ለፊት ከመግጠም ተራራውን ከሰሜን ዞሩት። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ተመለሰች። በየዓመቱ የምናከብረው ድል ይህ ነው። ድሉ እውነተኛ ነው፤ የሞቱለትም እውነተኛ ናቸው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር የኦጋዴን ሰው ግን ግመሉንና ልጆቹን ይዞ ወደ ሶማሊያ ተሰደደ። እሱም የእኛው አገር ሰው ነበር። ድሉን ስናወራ እሱን የምንረሳው ከሆነ፣ ታማኝነትን ከአንድ ወገን ብቻ እየጠየቅን ነው ማለት ነው።

አምስቱ ጫፎች በኋላ ምን ሆኑ? ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1960 ተዋሐዱ። ከሁለቱ አንዱ፣ ሶማሌላንድ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ተገንጥያለሁ ብሎ በኋላ የራሱን ባንዲራ ሰቀለ። ጅቡቲ የራሷን አገር መረጠች። ባንዲራዋ ላይ ለኢሳው ሰማያዊ፣ ለአፋሩ አረንጓዴ አደረገች። ሰሜን ኬንያ ኬንያ ውስጥ ቀረ። ኦጋዴን ኢትዮጵያ ውስጥ ክልል ሆነ። አንድ ቋንቋ፣ አንድ ሃይማኖት፣ አንድ ባንዲራ የነበረው የሶማሊያ መንግሥት ፈረሰ። ይህን የምለው በወንድም ሐዘን ለመደሰት አይደለም። እኛም ከዚያ የራቅን አይደለንም። ማየት ያለብን ይህን ነው፤ ሰው መንግሥትን የሚታመነው ከሌባና ከጉልበተኛ ሲያድነው፣ ዳኝነት ሲሰጠው፣ መንገዱን ሲከፍትለት ነው። እነዚህ ሲጠፉ ሰው ወደ ጎሳው ይሸሻል። ኮከቡ የቱንም ያህል ቢያምር አይመልሰውም።

የሌላውን አገር በአጭሩ ላንሳ። ቆጵሮስ እ.ኤ.አ. በ1960 ነፃ ስትወጣ ማንንም የማያስቀይም ባንዲራ ይሠራ ተባለ። ነጭ ጨርቅ ላይ የደሴቲቱ ካርታና ሁለት የወይራ ቅርንጫፍ ተሳለ። ገለልተኛ ነው፤ ያምራልም። ሕዝቡ ግን አንዱ የግሪክን፣ ሌላው የቱርክን ባንዲራ መስቀሉን ቀጠለ። ከእ.ኤ.አ. 1974 ወዲህ ደሴቲቱ ለሁለት እንደተከፈለች ናት። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1994 በጥድፊያ፣ ለጊዜው ተብሎ አንድ ባንዲራ ነደፈች። ያ ባንዲራ ተወደደ፤ ዛሬም አለ። ልዩነቱን ከቀለሙ አታገኙትም። ባንዲራው የተሰቀለው ሁሉም ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰልፎ ድምፅ በሰጠበት ቀን ነበር። ሰው ባንዲራውን ሲያይ የሚያየው ያንን ሰልፍ ነው።

ወደ ራሳችን እንምጣ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ጋና እ.ኤ.አ. በ1957 ነፃ ስትወጣ እነዚህን ቀለሞች ወሰደች፤ ሌሎችም የአፍሪካ አገሮች ተከተሉ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 3 ከመሃል ዓርማ እንዲኖር፣ ዓርማውም የብሔር ብሔረሰቦችና የሃይማኖቶች በእኩልነትና በአንድነት የመኖር ተስፋን እንዲያንጸባርቅ ይላል። ክልሎችም የራሳቸውን ባንዲራ እንዲኖራቸው ይፈቅዳል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ለአንዱ ዓርማ የሌለው ባንዲራ የዓድዋ ነው፤ አያቱ የሞቱለት። ለሌላው ያው ባንዲራ አያቱን በገዛ መሬቱ ጭሰኛ ያደረገው ነው። ሁለቱም አይዋሹም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ መንገድና አጥር በምን ቀለም ይቀባ በሚል ወጣቶች ተደባደቡ። እዚህ ምሥራቅም በዓል በመጣ ቁጥር «የትኛው ባንዲራ?» የሚለው ጥያቄ ሆድ ያስብሳል።

የእኔን አቋም ጠይቃችሁኛልና ልናገር። ሰው የፈለገውን ባንዲራ ይውደድ። ያለቅስበት፣ ይሳመው። ግን ባንዲራን የጎረቤት መፈተኛ አታድርጉት። በር ላይ ቆሞ «ይህን ያዝ፣ ያንን ጣል» የሚል ሰው ታማኝነት አያገኝም። የሚያገኘው ፍርሃት ነው። ፈርቶ የያዘ ሰው ደግሞ ነፋሱ ሲዞር ቀድሞ የሚጥለው እሱ ነው።

አሁን ወደ ዳገቱ ልመለስ። እኛን የሚያስተሳስረን እዚያ ነውና እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ደቻቱን፣ ከተማችንን የሚከፍለውን ወንዝ፣ እናውቀዋለን። አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ ሰው ከከዚራ ወደ መጋላ ሲሻገር እግሩን እንኳ አያርስም። ሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም. ሌሊት ላይ ያ አሸዋ ውሃ ሆነ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ። ድሬዳዋ ላይ ግን ያን ያህል ዝናብ አልነበረም ያመጣው። ዝናቡ የወረደው ላይ፣ የምሥራቅ ሐረርጌ ተራሮች ላይ ነው። የተራራው ዛፍ ከተመነጠረ፣ አፈሩ ውሃ መያዝ ካቃተው፣ ውሃው በሰዓታት ውስጥ እኛ ጋ ይደርሳል። ከእኛ አልፎ ደግሞ ወደ ሽኒሌ ሜዳ ይወርዳል። ልብ በሉ። ዝናቡ ኦሮሚያ ላይ ይዘንባል፤ ጎርፉ ድሬዳዋን ይመታል፤ የተረፈው ሶማሌ ክልል ይገባል። ሦስት አስተዳደር፣ ሦስት ባንዲራ፣ አንድ ተፋሰስ። ሽቅብ ያለው ገበሬ እርከን ካልሠራ፣ ከታች እኛ የምንገነባው ግድብ ሁሉ አይበቃም። ስለዚህ የድሬዳዋ ልጅ ደኅንነት ሽቅብ፣ ከርሳ በሚባለው ወረዳ ባለ ገበሬ እጅ ነው።

ሌላም አለ። የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሲደርቅ ሐረር ተጠማች። ሐይቁ በኋላ መመለስ ቢጀምርም፣ ያኔ የሐረር ሰው በጄሪካን ሲሰለፍ የነበረውን የሚረሳ የለም። መፍትሔው ከየት መጣ? ከድሬዳዋ አካባቢ፣ ከሐሰሊሶ ጉድጓዶች። ያ ውሃ በቧንቧ ዳገቱን ሽቅብ ይገፋል። ጀጎል ውስጥ ያለች እናት ቧንቧዋን ስትከፍት የሚወርደው ውሃ ከቆላ ተቀድቶ፣ የኦሮሚያን ቀበሌዎች አቋርጦ፣ የሐረሪ ክልል የገባ ነው። የአንዱ ቀበሌ ሰው «ቧንቧው በደጄ ያልፋል፣ እኔ ግን ጠብታ የለኝም» ብሎ ቢቆጣ ሐቅ አለው። ሐረር ውሃ የምታገኘው ያ ሰው ድርሻው ሲደርሰው ብቻ ነው። ታማኝነት የምለው ይህንን ነው። ቧንቧው የሚያልፍበትን ሰው ማሰብ።

ጠዋት ከፊራ ገበያ ሂዱና ቁሙ። ከገጠር የመጣችው የኦሮሞ እናት ሽንኩርቷንና ቃሪያዋን ዘርግታለች። ከጎኗ የሶማሌ እናት የግመል ወተት በጀሪካን ይዛለች። ገዢው በአማርኛ ይጠይቃል፣ እሷ በኦሮምኛ ትመልሳለች፣ ዝርዝሩን ከጎረቤቷ በሶማሊኛ ትጠይቃለች። አስተርጓሚ አትፈልግም። ይህን ሁሌ «የፍቅር ከተማ» ብለን እናሞግሰዋለን። እኔ ሙገሳው አይበቃም እላለሁ። እነዚያ እናቶች ሳይጣሉ የሚውሉት ነገ እንደሚገናኙ ስለሚያውቁ ነው። ያ መተማመን መንገዱ ሲዘጋ ይፈርሳል። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ኦሮሚያና ሶማሌ ክልል ወሰን ላይ ግጭት ሲነሳ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቀሉ። ከሐረር አጠገብ ሐማሬሳ ላይ ድንኳን ተተከለ። ተፈናቃዮቹ ዕድሜ ልካቸውን ጅጅጋ የነገዱ፣ በሶማሊኛ አፋቸውን የፈቱ ሰዎች ነበሩባቸው። ገበያ ብቻውን አላዳናቸውም። ሲፈለግ የሚደርስ፣ ለሁሉም እኩል የሚደርስ ሕግ ያስፈልግ ነበር።

ድሬዳዋን በሚመለከት አንድ ነገር ሳልናገር አልወርድም። ከተማችን በአዋጅ ቁጥር 416/1996 ቻርተር ያላት የፌዴራል ከተማ ናት። ሁለት ክልሎች የእኔ ናት ስለሚሉ እንደዚያ ሆነ። ሥልጣኑ ደግሞ 40-40-20 በሚባል ቀመር ተከፋፈለ። አርባው ለኦሮሞ፣ አርባው ለሶማሌ፣ ሃያው ለሌላው። ቀመሩ አንዱ ሌላውን ጠቅልሎ እንዳይውጥ አድርጓል። ይህን ጥቅሙን አልክድም። ግን አባቱ ሶማሌ፣ እናቱ ኦሮሞ የሆነ ልጅ ለገሃሬ ላይ ሞልቷል። አንዱ አያቱ የመን፣ ሌላው አያቱ አማራ የሆነ አለ። ይህ ልጅ ሥራ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ከየትኛው ነህ?» ከሆነ፣ ለከተማው ታማኝ እንዲሆን እንዴት እንጠብቃለን? የሚወዳት ድሬን ነው። ድሬ ግን ፎርሙ ላይ የለችም። ወጣቶች፣ ይህን ጥያቄ በጨዋነት፣ ሳትታክቱ ጠይቁ። ቀመሩን በአንድ ቀን ማፍረስ ሳይሆን፣ ለእነዚህ ልጆች ቦታ መክፈት ነው የሚቀድመው።

የመጨረሻው ነገር ባሕሩ ነው። ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1993 አገር ከሆነች፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ከተዋጋን ወዲህ የአገራችን ንግድ ከሞላ ጎደል በጅቡቲ ነው። አዲሱ ባቡር ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ነው፤ እሱም በዚሁ በእኛ ቆላ ነው የሚያልፈው፣ ያው ዳገቱን ሸሽቶ። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 አዲስ አበባ ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ስትፈርም ሞቃዲሾ ተቆጣች። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ አንካራ ላይ ሁለቱ መንግሥታት ተስማማን አሉ። ስለ ባሕር በር የሚወራው ወሬ እንዳለ ነው፤ ደም የሚያሞቅ ንግግርም ይሰማል።

ኢትዮጵያ ወደብ ያስፈልጋታል። እኔም እፈልጋለሁ፤ በተለይ የእዚህ ሰው ከማንም በላይ ያስፈልገዋል፣ እንጀራው በዚያ መንገድ ላይ ነውና። ስለዚህም ነው በዚህ ጉዳይ የጦርነት ወሬ ስሰማ የምደነግጠው። በ1969 ዓ.ም. ጦሩ ሳይገባ መጀመሪያ የተቆረጠው ሐዲዱ ነበር ብያችኋለሁ። ወደብ በድርድር ሲመጣ ድሬዳዋ መጋዘን ትሆናለች፤ ጭነት፣ ጉምሩክ፣ ጋራዥ፣ ሆቴል ይሠራባታል። በጦር እናምጣው ከተባለ ግን ገና በመጀመሪያው ሳምንት የሚቆመው የጅቡቲ ባቡርና የጅጅጋ መኪና ነው። አዲስ አበባ የነዳጅ ሰልፍ ከመያዟ በፊት እኛ ጋ ገበያው ይዘጋል። ይህን ለሚወስኑት ሰዎች መንገር ያለብን እኛ፣ መንገዱ ላይ የምንኖረው ነን። ጥያቄ ካላችሁ አሁን መቀበል እችላለሁ።